ለእርሳሱ ደካማ ክር

ዌልስ፣ አበርዳሮን መንደር፣ ነፋስ በሚገፋው በር፣
ወይዘሮ ኤሊነድ ሱቅ ስገባ ገና አልነጋም ነበር።
አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ኪሴን ሳንቲም ሞልቶት፣
አጎቴ የተወልኝን ዘንግ ትከሻዬ ተሸክሞት።
«ከሁሉ የጠነከረውን፣ የማይበጠሰውን ክር፣
ሻርክ እንኳ ቢመጣ የማያሳፍር፣
እሱን ይስጡኝ» አልኳቸው።
መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣
ወደ መደርደሪያው ዞር እንኳ ሳይሉ
«ከእግርህ ሥር ምን አለ?» አሉ።

«አሸዋ ነው ወይስ አለት? ጠጠር ነው ወይስ የባሕር ሣር?
ከዓሣው በፊት ወለሉን ጠይቅ፣ ያኔ ይመረጣል ክር።
ጥርት ያለ አሸዋ ከሆነ ቀጭኑ ይበቃሃል፣
ነፋሱን ሰንጥቆ ሩቅ ይሄድልሃል፤
ወፍራሙን ስትወረውር ነፋስ ሆዱን ነፍቶ
ይመልስልሃል እግርህ ሥር፣ እንደ ሰካራም ጎትቶ።
ታዲያ መቶ ሃምሳ ግራም እርሳስ ተወንጭፎ ሲበር
ቀጭኑ ብቻውን አይችልም፣ ይፈነዳል በአየር።
ከፊቱ ሃያ ክንድ ወፍራም ቀጥልና እሰር፤
ቋጠሮው ከአውራ ጣትህ ይራቅ፣ በመጠምጠሚያው ጠርዝ ይደር።»

ግድግዳው ላይ የተገመደውን አየሁ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሐር፣
ፀጉር የሚያህል፣ ሃያ ኪሎ የሚችል በቁጥር።
«ይሄስ?» አልኩ።
በመስኮቱ ባሕሩን አዩ፤ ገና ግራጫ ነበር።
«እሱ ጎበዝ ነው። አይለጠጥም። ዓሣው ሲያስብ ይሰማሃል።
ግን አለት ከነካው እንደ ሸረሪት ድር ያልቃል፤
በባዶ እጅ ከጎተትከው ሥጋህን ይሰነጥቃል።
ኢድዋልን ታስታውሰዋለህ? ባሌን? የግራ እጁ ጠቋሚ
ጣት ያልነበረው? ‹ዓሣ ነከሰው› ይላል ሁሉ ወሬ ሰሚ።
ዓሣ አልነበረም።
መንጠቆው አለት ሥር ተቀርቅሮ
አልበጠስ ሲለው፣ ክሩን በእጁ ጠምጥሞ፣ ተማርሮ
ሲጎትት ማዕበል መጣ።
ክሩ ጸና።
ጣቱ ግን አልጸና።»

ከመሳቢያ ትንሽ ጥቅል አወጡ፣ አቧራ የለበሰች፣
ሦስት ኪሎ የማትችል፣ በጥርስ የምትቆረጥ፣ ያረጀች።
«ይቺን ለእርሳሱ። ለእርሳሱ ብቻ። አንድ ስንዝር።
እሱ ሲቀረቀር እሷ ትበጠስና ዓሣህ ይመጣል በክር።
ሁሉን ያጠነከረ ሁሉን ያጣል፤
የቱ ቀድሞ እንዲበጠስ ካልመረጥክ ባሕሩ ይመርጥልሃል።»
ዋጋዋን ጠየቅሁ። «ቆይ» አሉ። «ውኃው ሲጎድል
ሂድና አለቱን ዙር፤ አይተኸው ና፣ የት እንደሚውል
የሰው ሁሉ ክር። ያገኘኸውን ለቅመህ አምጣ።»

ውኃው ሸሽቶ አለቱ ጥቁር ጀርባውን አወጣ።
ዛጎል እንደ ጥርስ የበቀለበት ነበር፤
በየስንጥቁ የዛገ መንጠቆ፣ እርሳስ፣ ነጭና ሰማያዊ ክር
እንደ ክፉ ሱፍ ተወሳስቦ።
ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፤ ጉልበቴ ደማ።
ባልዲ ሙሉ ይዤ ተመለስኩ፣ አንድ ዓሣ ሳልይዝ፣ ለዚያውም በጫማ
ባሕር ሞልቶብኝ።

ጋዜጣ ዘረጉ፤ በመርፌ እየለዩ ፈረዱ፦
«ይሄ የጀማሪ ነው። ይሄ በአለት ታረደ፣ ታያለህ ከጫፉ መንደዱ?
ይሄ ደህና ክር ነበር፣ ቋጠሮው ነው የገደለው፤
ሳያርሰው አጥብቆት፣ በገዛ ግለቱ አቃጠለው።»
ከዚያ አንድ የደበዘዘ አረንጓዴ ላይ መርፌው ቆመ።
ሰባት ጊዜ የተጠመጠመ ቋጠሮ፣ ወደ ኋላ የታረመ፣
አንድ ጣት የጎደለው እጅ እንዳሠረው ዓይነት።
መቀስ ሳነሳ እጄን ያዙት።
«ይሄን ተወው» አሉ። «እኔ እፈታዋለሁ።»

ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት፣ ሦስት መቶ ሜትር ገዛሁ።
የቀጭኗን ሒሳብ አልወሰዱም።
በማግስቱ እርሳስ ልገዛ ስገባ
ቋጠሮው ከሚዛኑ አጠገብ ነበር፣ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ፣
እንዳለ።